የቀለሙ ነገር

ልጄ ለፋሲካ ከደብረ ብርሃን ወርዶ፣
ይርዳው ጠረጴዛ ዳር ተቀመጠ፣ እንደ ድሮው ለምዶ።
«አጎቴ፣ ይኸውልህ፤ ፈልጌ አገኘሁት፣
ያን የጥንቱን ፊልም ባለቀለም አየሁት።»
ወንድሜ መነጽሩን ከአፍንጫው ከፍ አርጎ፣
አየ፤ ደግሞ አየ፤ ትንፋሹን ሸሽጎ።

ቢጫ ነው ለካስ።
ያ ባለመሰላሉ፣ ያ ሁሌ የሚደርሰው፣
ወንድሜ ሠላሳ ዓመት አረንጓዴ ያለበሰው፣
የግብርና ቢሮ በሩን ያስቀባ ዕለት
ለምኖ፣ ከጣሳው ትራፊ አንድ ስኒ በሰጡት።

እኛ ባየንበት ቀለም የሚባል የለ፤
ጥቁርና ነጭ ነው፣ እሱም እየዘለለ።
ቅዳሜ አመሻሽ ላይ፣ ከቀበሌው ስብሰባ ኋላ፣
ሳጥኑ በቁልፍ ሲከፈት፣ መጀመሪያ ጥላ፣
ከዚያ እንደ በረዶ ነጫጭ ነገር መዝነብ፣
ከዚያ ጥሩምባው! ይቆማል የሁላችን ልብ።
እሳት ቢሆን፣ ጎርፍ፣ ገደል የገባ ሰው፣
አንዲት ደቂቃ ሲቀር መኪናው ይደርሰው፤
ቋንቋው ባይገባንም፣ መሰላሉ ሲዘረጋ
እናጨበጭባለን፣ ግድግዳው እስኪናጋ።

ሐሙስ ነው።
አባቴ የኤንትሬ ረዳት። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ
ጉሙ ጣትን እንኳ ማሳየት እምቢ ብሎ፣
ሲሚንቶ እንደጫነ ወረደ ተንከባሎ።
ጥሩምባ አልነበረም። ጩኸት ነው የሰማነው፣
ስምንት ሰው ቃሬዛ ተሸክሞ ሲገባ ነው ያየነው፤
ጭቃው እስከ ጉልበት፣ ገመዱ ከጭነቱ የተፈታ፣
ትከሻ እየቀያየሩ፣ ከቀትር እስከ ማታ።
ጤና ጣቢያ ሲደርሱ —
ሰዓቱን አልናገርም።
አንዲት ደቂቃ አልቀረችም።

ቅዳሜ መጣች ደግሞ። ቤቱ በለቅሶ ሞልቶ፣
ይርዳው ሹልክ አለ፣ በጓሮ በር ወጥቶ፤
የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ፣ አዳራሹ ገብቶ
ያን መኪና አየው፣ ዛሬም በጊዜው መጥቶ።
«እኔ ብቻ አላጨበጨብኩም» አለኝ፣ ስንት ዓመት ቆይቶ።
ያን ሌሊት የሳርዲን ቆርቆሮ በመቀስ ሲቆርጥ ሰማሁት፤
ዓይኔን ጨፍኜ ነበር፣ የተኛሁ መሰልኩት።

ጎማው ቆርኪ ነበር፤ ኋላ የኮንጎ ጫማ ሶል፣
በምላጭ እያከበበ፣ ጣቱን ጭምር ሲቆርጥ፣ ሲያቆስል።
መሰላሉ የራዲዮ አንቴና፤ ይወጣል፣ ይገባል፤
ጥሩምባው የእስክሪብቶ ክዳን፤ ቢነፉት ያፏጫል።
መስተዋቱ ዘብ ከሚያድርበት ከጤና ጣቢያው ነው፣ የራጅ ፊልም ቁራጭ፤
የማን እንደሆነ እንጃ፣ ፀሐይ ሲያገኘው ጎድን አጥንት ብልጭ።
ልኩን ሲያወጣ ሜትር የለ፣ ንድፍ የለ፤
ሰውዬው ከጎማው ጎን ሲቆም ያየውን በሐሳቡ እየከፈለ፣
«ሰው አንድ ጣት ከሆነ፣ ጎማው ግማሽ ጣት ነው»
ይላል፤ ከተሳሳተ፣ አፍርሶ ነው የሚያነሣው።
እኔ ቆሎ ሻጭ ነኝ፣ ለአውቶቡስ መንገደኛ በመስኮት፤
ሙጫ ያለቀበት ቀን ከትርፌ እገዛለት።
አሥራ ሰባት ደርሰዋል፣ መደርደሪያው ጠቧል፤
አቧራቸውን ስጠርግ፣ «ቀስ!» ይለኛል፣ ይቆጣል።

እና ልጄ፣ «ቢጫ ላምጣልህ?» አለው፣ «የሚረጨውን ዓይነት፤
ልክ እውነተኛውን ይመስላል፣ በአንድ ሌሊት።»
ይርዳው ስልኩን መለሰለት። «ቆንጆ ነው» አለ፣ «ግና
ይኼ የእነሱ ነው፤ የኛ አልመጣም ገና።»

ማታ እራት ይዤ ብሄድ፣ ጎንበስ ብሏል መብራት ሥር፣
የክብሪት እንጨት ሲያጋድም፣ ክር በክር ሲያስር።
ጎማ የለው፣ ሞተር የለው፣ መሰላል የለው።
ስምንት የሽቦ ሰዎች፣ አንዳንድ ጣት የሚያህሉ፣
አራት በዚህ፣ አራት በዚያ፣
ሙጫው እስኪይዛቸው በልብስ መቆንጠጫ ተደግፈው።
ቀለም አልቀባቸውም።

«አንደኛው ያነክስ ነበር» አለኝ፣ ቀና ሳይል፣
«ያ ባለኮፍያው። በየትኛው እግሩ ነው?»

ግራ ይመስለኛል፣ አልኩት።
እርግጠኛ አይደለሁም።
ሽቦውን በጉጠት ይዞ
ትንሽ አጠፈው።